የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መዝገቡ ከጠመንጃው ይቀድማል

መንግሥታት በህዳጣን ላይ ስለሚፈጽሙት ጥቃትና ስለ አገራዊ ማንነት አፈጣጠር ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጠናል፤ ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አዋህደናል። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። የምናስተምርባቸው መጻሕፍት የአገር ምሥረታን በአንድ ምዕራፍ፣ ጭፍጨፋንና ማፈናቀልን በሌላ ምዕራፍ ያስቀምጣሉ። ሁለተኛው የመጀመሪያው «አሳዛኝ አጋጣሚ» ተደርጎ ነው የሚቀርበው። ተማሪዎቼ «ይገናኛሉ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ይገናኛሉ ይበሏቸው፤ ከዚያ አንድ ምሳሌ ይዘው ይግቡ። ለክፍል የሚመቸው ግሪክና ቱርክ ጃንዋሪ 30 ቀን 1923 ሎዛን ላይ የፈረሙት የሕዝብ ልውውጥ ስምምነት ነው። በዚህ ሂደት 1.2 ሚሊዮን ያህል ኦርቶዶክሳውያን ከቱርክ ወደ ግሪክ፣ 400,000 ያህል ሙስሊሞች ደግሞ ከግሪክ ወደ ቱርክ ሄዱ። አብዛኞቹ ኦርቶዶክሳውያን እንዲያውም ከስምምነቱ በፊት በጦርነቱ ሸሽተው ነበር፤ ፊርማው ያደረገው የመመለሻ በራቸውን መዝጋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። መለያው ቋንቋ አልነበረም፤ ሃይማኖት ነበር። ስለዚህ ከአናቶሊያ መሃል ቱርክኛ የሚናገሩ፣ ቱርክኛውንም በግሪክ ፊደል የሚጽፉ ካራማንሊ የተባሉ ክርስቲያኖች «ግሪኮች ናችሁ» ተብለው ተላኩ። ከቀርጤስ ደሴት ደግሞ አፋቸውን በግሪክኛ የፈቱ ሙስሊሞች «ቱርኮች ናችሁ» ተብለው መርከብ ተሳፈሩ። ሁለቱም በደረሱበት «በገዛ አገራቸው» ቋንቋ የማይችሉ እንግዶች ሆኑ።

ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ ይሥሩ፦ ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ ቦታ። ከዚያ አንድ ካራማንሊና አንድ የቀርጤስ ሙስሊም በየዓምዱ መለኪያ የት እንደሚመደቡ ተማሪዎቹ ይሙሉ። መለኪያው በተቀየረ ቁጥር «የእኛ» የሚባለው ሰው እንደሚቀያየር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ራሳቸው ያዩታል። ህዳጣን ተፈጥሮ ያስቀመጣቸው ቡድኖች አይደሉም፤ አንድ መንግሥት «አገር ማለት እነዚህ ናቸው» ብሎ መሥመር ሲያሰምር ከመሥመሩ ውጭ የቀሩ ናቸው። ትናንት እንደ ኦቶማን ባለ ግዛተ አፄ ውስጥ ከብዙዎች አንዱ የነበረው ማኅበረሰብ ዛሬ «ችግር» የሚሆነው እሱ ተለውጦ ሳይሆን መሥመሩ ስለተሰመረ ነው።

ጊዜ ከተረፈዎት ከልውውጡ ነፃ የተደረጉትንም ያንሱ። የኢስታንቡል ግሪኮችና በግሪክ የምዕራብ ትሬስ ሙስሊሞች ባሉበት እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ቱርክ በ1942 ያወጣችው የሀብት ግብር ከሁሉ በላይ የከበደው ሙስሊም ባልሆኑት ላይ ነው፤ ሴፕቴምበር 6 እና 7 ቀን 1955 ደግሞ በኢስታንቡል የግሪኮች ሱቆች፣ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በተደራጀ ረብሻ ወደሙ። ለረብሻው ሰበብ የሆነው የቆጵሮስ ጉዳይ ነበር። «እንዲቆዩ የተፈቀደላቸው» ሰዎች ከጎረቤት አገር ጋር ጠብ በተነሳ ቁጥር እንደ መያዣ ነው የሚታዩት።

ጥያቄ፦ ነገሩ ወደ ደም መፋሰስ ከመድረሱ በፊት መንግሥት ምን ምን ሲሠራ ይታያል? «የጥላቻ ንግግር» ከሚለው ውጭ ተጨባጭ ምልክት ብትነግሩኝ።

መልስ፦ የጥላቻ ንግግር ጆሮ ስለሚስብ ሁሉም ያንን ያዳምጣል። እኛ የምንመክረው ነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ ነው። መንግሥት ብዙ ሰው ላይ እጁን ከማንሳቱ በፊት ያ ሰው ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር ማወቅ፣ ከዚያም የሕግ ከለላውን መግፈፍ አለበት። ሁለቱም በወረቀት የሚሠሩ ናቸው።

የጀርመንን ቅደም ተከተል ይመልከቱ። ኤፕሪል 7 ቀን 1933 አይሁዶች ከመንግሥት ሥራ የሚባረሩበት ሕግ ወጣ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1935 የኑረምበርግ ሕጎች ዜግነትን በደረጃ ከፈሉት፤ ማን አይሁድ እንደሆነ የሚወሰነውም በአያቶች ቁጥር ሆነ። በኦገስት 1938 ስማቸው «የማያሳብቅባቸው» ሁሉ ወንዶቹ እስራኤል፣ ሴቶቹ ሣራ የሚል ስም እንዲጨምሩ ታዘዘ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፓስፖርታቸው ላይ «ዮት» የምትለው ፊደል ተመታች። በኖቬምበር 1941 ደግሞ፣ ከአገር የወጣ አይሁድ ዜግነቱን በራሱ ጊዜ እንዲያጣ፣ ንብረቱም ለመንግሥት እንዲሆን ተደነገገ። በግድ ተጭኖ የተወሰደውም «ከአገር የወጣ» ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ የሚያታልለውም ይሄ ነው።

ማያንማር በ1982 ያወጣችው የዜግነት ሕግ ሙሉ ዜግነትን ከ1823 በፊት፣ ማለትም ከመጀመሪያው የእንግሊዝ ወረራ በፊት፣ በአገሩ ነበሩ ለተባሉ ጎሣዎች ሰጠ። መንግሥት የሚቀበላቸው 135 ናቸው፤ በአገሩ ምዕራብ የሚኖሩት ሙስሊም ሮሂንጋዎች ከዝርዝሩ የሉም። በ2014 ሕዝብ ቆጠራ «ሮሂንጋ ነኝ» ብሎ መመዝገብ አልተፈቀደም። በ2015 ብዙዎቹ የያዙት ጊዜያዊ ነጭ ካርድ ተሰረዘ፤ የመምረጥ መብታቸውም አብሮ ሄደ። ከኦገስት 25 ቀን 2017 በኋላ በነበሩት ወራት ከ700,000 በላይ ሰዎች ወደ ባንግላዴሽ ሲሸሹ ከወረቀቱ ላይ ከጠፉ ቆይተው ነበር።

ስለዚህ የሚከተሉትን ይከታተሉ፦ ዜግነትን ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያጣራ ሕግ፤ ለአንድ ቡድን ብቻ የተለየ ካርድ ወይም የካርድ እድሳት ክልከላ፤ ከቆጠራ መጠይቅ ላይ የስም መጥፋት፤ የነዋሪዎች ወይም የመራጮች መዝገብ ከተለመደው መሥሪያ ቤት ወጥቶ ሌላ እጅ መግባት። በስሪ ላንካ በጁላይ 1983 ኮሎምቦ ውስጥ የታሚሎችን ቤት ያቃጠሉት ረብሸኞች የመራጮች ዝርዝር ይዘው ነበር የሚዞሩት። ያን ዝርዝር ከመንደር አልቃረሙትም።

ሁለተኛው ምልክት ማን እንደሚታጠቅ ነው። መንግሥት ለዚህ ሥራ መደበኛ ሠራዊቱን ብቻ አያሰማራም። በሩዋንዳ በ1994ቱ ጭፍጨፋ ግንባር ቀደም የነበረው ኢንተርሃምዌ የተባለው ሚሊሺያ የገዢው ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ሆኖ ነው የጀመረው። በጓቲማላ ሠራዊቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎችን «የሲቪል ራስ መከላከያ ጥበቃ» እያለ በግዴታ አደራጀ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው የጥቃቱ ዒላማ የሆኑት የአገሬው ተወላጆች፣ ማያዎች፣ ነበሩ። ጥቅሙ ሁለት ነው፦ «ሕዝቡ ተቆጥቶ ነው» ለማለት ያመቻል፤ ደግሞም እጁ የተነካካ ሰው ነገ አይመሰክርም። አዲስ የታጠቀ ቡድን አይተው ደመወዙን፣ ጥይቱንና መኪናውን ማን እንደሚያቀርብ ከጠየቁ ግማሹን መልስ አገኙ። ግማሹን ደግሞ ፖሊስ ይነግርዎታል። ጥቃት ተፈጽሞ፣ ፈጻሚው ታውቆ፣ ክስ የማይከፈት ከሆነና ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ፣ ፈቃድ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዘር ማጥፋት፣ ዘር ማጽዳትና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል እያሉ ሰዎች ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ስንት ሰው ሲሞት ነው ዘር ማጥፋት የሚባለው?

መልስ፦ የመጨረሻውን እናስቀድም፤ ቁጥር የለውም። ዲሴምበር 9 ቀን 1948 በጠቅላላ ጉባኤው ተቀባይነት ያገኘው የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ስምምነት (በነገራችን ላይ ከአገሮች መጀመሪያ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ በ1949) አምስት ድርጊቶችን ይዘረዝራል፦ የቡድኑን አባላት መግደል፣ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ማድረስ፣ ለጥፋት የሚዳርግ የኑሮ ሁኔታ ሆን ብሎ መጫን፣ እንዳይወልዱ ማድረግ፣ ልጆችን በኃይል ወደ ሌላ ቡድን ማዛወር። እንደሚያዩት ግድያ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው።

የሚከብደው ሐሳቡን ማስረዳት ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው አንድን ብሔራዊ፣ ጎሣዊ፣ ዘራዊ ወይም ሃይማኖታዊ ቡድን «እንደ ቡድንነቱ» በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት ታስቦ መሆን አለበት። የፖለቲካ ቡድን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሲረቀቅ ተከራክረውበት ነው የወጣው። በስሬብሬኒሳ በጁላይ 1995 የተገደሉት 8,000 ያህል ወንዶችና ወንድ ልጆች ናቸው፤ ከመላው የቦስኒያ ሙስሊሞች አንጻር ጥቂት ነበሩ፤ የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ግን ዘር ማጥፋት ነው ብሏል።

በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ደግሞ ቡድን የማጥፋት ሐሳብ አይጠይቅም። በሲቪል ሕዝብ ላይ የተነጣጠረ፣ የተስፋፋ ወይም ሥርዓት ያለው ጥቃት መኖሩን፣ ፈጻሚውም ይህን ማወቁን ማስረዳት ይበቃል። ዘር ማጽዳት (አንድን ቡድን ከአካባቢው በኃይል ማስወጣት) በስምምነት ራሱን ችሎ የተደነገገ ወንጀል አይደለም፤ ከሳሾች በግዳጅ ማፈናቀል ወይም ማሳደድ ብለው ነው የሚያቀርቡት።

በአደባባይ የምናየው ስሕተት ሁሉንም ነገር ዘር ማጥፋት ካልተባለ እንደቀለለ መቁጠር ነው። የወንጀል ቅጣቱ ሲታይ ዘር ማጥፋትም በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልም እስከ ዕድሜ ልክ ያስፈርዳሉ። ስሙ ላይ ሲሟገቱ ማስረጃው ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ብሔርን ከመታወቂያ ላይ መሰረዝ ነገሩን ያስቀረዋል?

መልስ፦ አያስቀረውም፤ ያዘገየዋል፣ ያስቸግረዋል። ያ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቤልጂየም በ1930ዎቹ ሩዋንዳ ውስጥ ባስገባችው መታወቂያ ላይ ሁቱ፣ ቱትሲ ወይም ትዋ ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1994 ኬላ ላይ የሚፈትሸው ሰው ያቺን ቃል አይቶ ነው ሞትን የሚፈርደው። ከዚያ በኋላ ቃሉ ከካርዱ ወጣ፤ ትክክል ነበር።

ካርድ በሌለበት ግን ገዳዮች ሌላ መለያ ይፈልጋሉ። በ1937 የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወታደሮች ድንበር አካባቢ ሄይቲያውያንን የለዩት «ፔሬሂል» የምትለውን የስፓኒሽ ቃል (ድንብላል የሚመስል ቅጠል ናት) እንዴት እንደሚጠሯት በመስማት ነው ይባላል፤ እልቂቱም በዚያች ቅጠል ስም ይታወቃል። በዚያው አገር ሴፕቴምበር 23 ቀን 2013 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት እስከ 1929 ወደ ኋላ ሄዶ፣ ሕጋዊ መኖሪያ ካልነበራቸው ወላጆች የተወለዱትን (አብዛኞቹ የሄይቲ ዝርያ ያላቸው ናቸው) ዜግነት የሚነሳ ውሳኔ ሰጠ። በመታወቂያ ላይ ብሔር አልተጻፈም፤ የወላጆች ወረቀት በቂ ሆኖ ተገኘ።

ከካርዱ ይልቅ የሚያሳስበን ከኋላው ያለው የመረጃ ቋት ነው። በኔዘርላንድ የነዋሪዎች ምዝገባ እጅግ የተደራጀ ስለነበር ወራሪው ጀርመን ሳይደክም ተጠቀመበት፤ ከአገሩ አይሁዶች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ማርች 27 ቀን 1943 የአርበኞች ቡድን የአምስተርዳምን መዝገብ ቤት በፈንጂ አጋየው፤ ካርዶቹ ግን ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩ ስለነበሩ ከፊላቸው ብቻ ነው የጠፋው። ከዚያ የሚማሩት ነገር ካለ፣ መዝገብን ከተሰበሰበ በኋላ ማጥፋት ከባድ መሆኑን ነው።

«ስም የሌለበት ጥቅል መረጃ ችግር የለውም» የሚሉም አሉ። በ1942 አሜሪካ 120,000 ያህል ጃፓናዊ የዘር ሐረግ ያላቸውን ሰዎች ወደ ካምፕ ስታስገባ፣ የቆጠራው ቢሮ በየሰፈሩ ስንት እንዳሉ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለሠራዊቱ ሰጥቶ ነበር። ስም አያስፈልግም፤ መንገድና ሰፈር ይበቃል።

ያም ሆኖ «አንቁጠር» የሚለውን አንመክርም። ካልተቆጠረ አድልዎን በቁጥር ማስረዳት አይቻልም። የሚሻለው፦ ከካርድ ላይ ማውጣት፤ በቆጠራ ላይ ሰው ራሱ የሚናገረውን፣ መልስ ያለመስጠት መብት ጨምሮ፣ መጠየቅ፤ ለትንንሽ ቀበሌዎች የተዘረዘረ ቁጥር አለማውጣት፤ መጠይቁንና የነዋሪዎች መዝገብን በአንድ መሥሪያ ቤት አለማስቀመጥ፤ ለጸጥታ አካል መስጠትን በሕግ ከልክሎ ጥሶ የሰጠውን ኃላፊ በግል የሚያስጠይቅ አንቀጽ ማስገባት። የመጨረሻው አንቀጽ ከሌለ የቀሩት ወረቀት ናቸው። አሜሪካም ምስጢሩን የሚጠብቅ ሕግ ነበራት፤ በጦርነቱ ጊዜ በሌላ ሕግ አነሳችው።

ጥያቄ፦ ጭካኔ ነው እንበል፤ ግን አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ስም ማድረጉ በመጨረሻ ይሳካል ወይስ አይሳካም?

መልስ፦ ሰው ተገድሎ ወይም ተባርሮ ካለቀ «ይሳካል»፤ ይህን መካድ ለአንባቢ መዋሸት ነው። ስፔን ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት 300,000 ያህል ሞሪስኮዎችን (በግድ ክርስትና የተነሱ ሙስሊሞችንና ዘሮቻቸውን) አባረረች፤ አብዛኞቹ አልተመለሱም። ሰውየውን አስቀምጦ ማንነቱን ለመግፈፍ ሲሞከር ግን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል።

ቡልጋሪያ ከዲሴምበር 1984 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ800,000 በላይ የሚሆኑ ቱርኮችንና ሌሎች ሙስሊሞችን ስም በግድ ቀየረች። መንደሩ በወታደር ይከበባል፤ ሰው ወረፋ ይዞ ከተፈቀደ ዝርዝር ስላቭኛ ስም ይመርጣል፤ አዲስ መታወቂያ ይወስዳል። አሮጌው ስም ካለ ደመወዝም ባንክም የለም። በአደባባይ ቱርክኛ መናገር ያስቀጣል፤ ግርዛት ተከለከለ፤ የሙታን ስም ሳይቀር ከመዝገብ ተቀየረ። «ቱርክ የሚባል በአገራችን የለም፤ ሁሉም በግድ የሰለሙ ቡልጋሮች ናቸው» ነበር ክርክሩ።

የሆነው ምንድን ነው? እስከዚያ ድረስ ራሱን በመንደሩ ወይም በሃይማኖቱ ይጠራ የነበረው ገበሬ ሁሉ ቱርክነቱን አጥብቆ ያዘ። በሜይ 1989 ሰልፍና የረሃብ አድማ ተነሳ፤ መንግሥት ድንበሩን ከፈተ፤ በአንድ ክረምት 360,000 ያህል ሰው ወደ ቱርክ ወጣ። ለትምባሆውና ለእህሉ መሰብሰቢያ የሚሆን እጅ ጠፋና የከተማ ሠራተኛ ለግዳጅ ተላከ። በኖቬምበር መሪው ቶዶር ዚቭኮቭ ከሥልጣን ወረደ፤ በዲሴምበር ስም የመመለስ ውሳኔ ተላለፈ። በ2012 የቡልጋሪያ ፓርላማ ስደቱን ዘር ማጽዳት ብሎ አወገዘ።

የክሪሚያ ታታሮችም እንዲሁ ናቸው። ከሜይ 18 ቀን 1944 ጀምሮ በሦስት ቀን ውስጥ 190,000 ያህሉ በሶቪየት ኅብረት መንግሥት ትእዛዝ በባቡር ወደ መካከለኛው እስያ ተጫኑ። በ1967 «ከጀርመን ጋር ተባብራችኋል» የሚለው የክህደት ክስ ሲነሳላቸው እንኳ አዋጁ «ቀድሞ ክሪሚያ ይኖሩ የነበሩ ታታሮች» እያለ ነው የጠራቸው፤ ስማቸው ራሱ ተወስዶ ነበር። ከ1989 ጀምሮ በብዛት ሲመለሱ ግን ክሪሚያን አይተው የማያውቁ ልጆች የአያታቸውን መንደር ስም በቃላቸው ይዘው ነው የመጡት። ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም፦ ቅጣቱ ለሁሉም እኩል ሲሆን፣ ማንነቱ ግድ ያልነበረውም ሰው ከቅጣቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የጋራ ታሪኩ ያ ቅጣት ራሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በዘመዶቼ መንደር የደረሰውን ጥቃት ያዩ ሰዎች አሉ። ቃላቸውን መቅዳት እፈልጋለሁ፤ ነገ በፍርድ ቤት ዋጋ እንዲኖረው ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ማድረግ የሌለብዎትን። የጅምላ መቃብር አይቆፍሩ፤ አጥንት ከተቀላቀለና ከልብሱ ከተለየ ማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል። የጥይት ቀለህ አይልቀሙ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አስቀምጠው ፎቶ አንስተው ባለበት ይተዉት። ተደፍራ የነበረችን ሴትና ሕፃናትን ሥልጠና ሳይኖርዎት አይጠይቁ፤ ስምና ማግኛ መንገድ ብቻ ይዘው ለሠለጠነ ሰው ያስተላልፉ። አንዱን ምስክር ደግሞ ደጋግመው አያስወሩት። ሦስት ጊዜ ከተናገረ ሦስቱ በጥቃቅን ነገር ይለያያሉ፤ የተከሳሽ ጠበቃ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ከመቅዳትዎ በፊት ቃሉ የት እንደሚሄድና ምን አደጋ እንዳለው ነግረው ፈቃዱን ያግኙ፤ «ለመርማሪ ይሰጥ፣ ለጋዜጣ አይሰጥ» ማለት እንደሚችልም ይንገሩት። በቅጂው ላይ በስሙ ፋንታ ቁጥር ይጠቀሙ፤ ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኘውን ወረቀት ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

ጥያቄዎ ክፍት ይሁን። «ወታደሮቹ ነበሩ አይደል?» ካሉ ቃሉ የእርስዎ ሆነ። «ምን አየህ? ከዚያስ?» ይበቃል። ከዚያ ያየውን፣ የሰማውንና የገመተውን ለይተው ይጻፉ፦ «ሲተኩሱ አየሁ»፣ «ተኩስ ሰማሁ»፣ «እነሱ መሆን አለባቸው» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀኑን የማያስታውስ ሰው ከበዓል፣ ከገበያ ቀን ወይም ከጨረቃ ጋር ሲያገናኙለት ይመጣለታል። የቆመበትን ቦታና ርቀቱን በእርምጃ ያስለኩት፤ ንድፍ ያስነሡት።

ሰዎች የሚረሱት ትልቁ ነገር የትእዛዝ ሰንሰለት ነው። ምስክሩ የሟቾችን ስም ይዘረዝራል፤ አዛዡን ማንም አይጠይቀውም። የደንብ ልብሱን ቀለምና የትከሻ ምልክት፣ የመኪናውን ዓይነትና ሰሌዳ፣ በምን ቋንቋ እንደታዘዘ፣ በሬዲዮ የተጠራ ስም፣ ማን ሲመጣ ሌሎቹ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ይጠይቁ። ከበላይ ያለውን ለመክሰስ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ቪዲዮ ከሆነ ሰፊውን አካባቢ (ተራራ፣ ምሰሶ፣ ሕንፃ) ካሳዩ በኋላ ወደ ዝርዝሩ ይቅረቡ፤ ቀን፣ ሰዓትና ቦታውን በድምፅ ይናገሩ፤ አይቁረጡት፣ ሙዚቃም አይጨምሩበት። በመልእክት መተግበሪያ ሲላክ ፋይሉ ስለሚጨመቅና በውስጡ ያለው የሰዓትና የቦታ መረጃ ስለሚጠፋ ዋናውን ከነስልኩ ወይም ከነካርዱ ያቆዩ። ሐሽ የሚባለውን የፋይል አሻራ ሻ-256 (SHA-256) በሚባለው የኮምፒውተር ስሌት አውጥተው ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በደብተር ይመዝግቡ፤ በኋላ «ተነካክቷል» የሚል ቢመጣ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ሦስት ቅጂ ያድርጉ፤ ቢያንስ አንዱ ከከተማው ውጭ ይሁን። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ።

እርስዎ ራስዎ ኬላ የሚያልፉ ከሆነ ስልኩን ይዘው አይሂዱ።